ነጠብጣቡ ሲጠፋ ሕክምናው ገና ነው

(ባሕር ዳር ውስጥ በቤታቸው፣ በሆቴላቸውና በክሊኒካቸው በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ጎረቤቴ አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለቡና ሲመጡ፣ ሳሎን ውስጥ ካለው የመስታወት ገንዳ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ በእጅ ባትሪ ዓሣ ስመረምር አገኙኝ። «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አሉኝ። ዓሦቼ ታመውብኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና «መምህር፣ እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ዓሣ ሳወጣ ኖሬ ዓሣ ታመመ ሲባል ገና ዛሬ ሰማሁ። ከታመመማ ይጥበሱት እንጂ!» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። በዚህ ከተማ ዓሣ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ጥብሱ፣ ጉላሹና ኮተሌቱ ነው። ዓሣ ስም ወጥቶለት፣ መብራት በርቶለት፣ አየር ተነፍቶለት ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ጎረቤቴ ሳያውቁት አንድ ትልቅ ነገር ነግረውኛል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውኃ ነው። እዚያ ውስጥ የደከመ ዓሣ ለሰው ዓይን ሳይበቃ ፔሊካን ይወስደዋል። ከዓሣ ገላ የረገፈ ጥገኛ ተሕዋስ ዘሩን ቢበትንም አብዛኛው ማደሪያ ሳያገኝ ሰፊው ውኃ ውስጥ ይቀራል። የእኛ ገንዳ ግን 100 ሊትር ነው፤ በውስጡ 12 ዓሣ ተጨናንቆ ይኖራል። ጥገኛው አፍንጫውን ባዞረበት ሁሉ ዓሣ አለ። ስለዚህ ሐይቁ ላይ እምብዛም የማይታየው በሽታ ሳሎን ውስጥ በሳምንት ገንዳ ሙሉ ዓሣ ይጨርሳል።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው በሽታ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ የምንለው። ገንዳ ካላችሁ አንድ ቀን ታገኙታላችሁ፤ አብዛኞቻችሁም እንዳገኛችሁት ከፊታችሁ አያለሁ።

መልኩን የምታውቁት ነው። ዓሣው ላይ ነጭ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጤፍ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሲያድግ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ማለት ነው። መጀመሪያ ክንፉና ጅራቱ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ይታያል። ዓሣው ገላውን ከድንጋይና ከማሞቂያው ጋር ያሻሻል፤ ክንፉን ይሰበስባል፤ መብል ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ጥገኛው ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ዓሣው ገላው ላይ አንዲት ነጥብ ሳይኖርበት ወደ ውኃው ወለል ወጥቶ ሲያለከልክ ቆይቶ ሊሞት ይችላል። «ምንም አልነበረበትም፤ ጠዋት ሞቶ አገኘነው» ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስንጥቡን ነው።

ነጭ ነጥብ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ወንድ ጎልድፊሽ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ በስንጥብ ክዳኑና በፊተኛው የጎን ክንፉ ጠርዝ ላይ ተርታ የያዙ ነጫጭ ነጥቦች ያወጣል። ይህ ሙሽራ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። አንድ ወዳጄ ጤነኛ ሙሽራውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያክም ከርሟል። ነጥቡ እንደ ጤፍ ሳይሆን ሽሮ የተነፋበት የሚመስል ወርቃማ ብናኝ ከሆነም ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

አሁን ወደ ተሕዋሱ እንግባ። ጠባዩን ሳታውቁ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ስሙን በ1876 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣለት ፉኬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ኢክቲዮፍቲሪየስ ማልቲፊሊስ። ምላስ የሚያስር ስም ቢሆንም ሲፈታ ቀላል ነው። የፊተኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የዓሣ ቅማል» ማለት ነው፤ የኋለኛው ላቲን ነው፤ «ባለ ብዙ ልጅ» ማለት ነው። ቅማል የሚለው ስም አይገባውም፤ ነፍሳት አይደለምና። ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው፤ ገላው በሙሉ በጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍኖ በእነርሱ ይሽከረከራል። «ባለ ብዙ ልጅ» የሚለው ግን ልኩ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ የበሽታው ምስጢር ያለው እዚያ ነው።

ይህ ፍጥረት ሦስት ዕድሜ አለው። እኔ ለራሴ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ በላተኛው፣ ከረጢቱና ዋናተኛው።

በላተኛው እናንተ የምታዩት ነጭ ነጥብ ነው። ዓሣው ቆዳ ላይ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ያለው ከቆዳው በታች ነው። የላይኛውን ስስ ሽፋን ፈልቅቆ ገብቶ፣ የዓሣውን የገዛ ቆዳ ጣሪያ አድርጎ ጎጆ ቀልሷል። እዚያ ሆኖ የዓሣውን ሕዋሳት እየበላ ይወፍራል። ውኃው ውስጥ የጨመራችሁት መድኃኒት በጣሪያው ላይ ያልፋል፤ እርሱን አይነካውም። እርሱን የሚገድል መጠን ብትጨምሩ ቀድሞ የሚሞተው ዓሣው ነው።

በላተኛው ሲጠግብ ጣሪያውን ቀድዶ ይወጣል። ወደ ታች ይሰጥማል፤ ጠጠር፣ መስታወት ወይም የውኃ ተክል ላይ ይጣበቃል፤ ዙሪያውን በሚያዳልጥ ከረጢት ይሸፍናል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እየተከፈለ ይሄዳል። በሞቀ ውኃ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ከአንዱ ከረጢት በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ ልጆች ይወጣሉ። ከረጢቱም እንደ በላተኛው መድኃኒትን በደንብ ይከላከላል።

የሚወጡት ልጆች ዋናተኞቹ ናቸው። በዓይን አይታዩም። ጣሪያም ከረጢትም የላቸውም፤ ራቁታቸውን ናቸው። ስንቃቸውም አጭር ነው፤ በሞቀ ውኃ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት ሁሉ፣ ጨውም ቢሆን ፎርማሊንም ቢሆን፣ አስተማማኝ ሆኖ የሚገድለው እነዚህን ብቻ ነው።

የጣና ዳር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከእኛ ውስጥ ቢልሃርዝያ ያልያዘው ወይም የያዘው ዘመድ የሌለው ማን ነው? የቢልሃርዝያ ትል ልጅም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሰው ገላ ካላገኘ ይሞታል። ዘራቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ ትል ነው፣ ሌላው ባለ አንድ ሕዋስ። አኗኗራቸው ግን ይመሳሰላል፤ ውኃው ንጹሕ መስሎ ሳለ ቆዳ የሚበሳ ነገር ይዋኝበታል። (ይኸኛው ወደ ሰው አይተላለፍም። እጃችሁን ገንዳው ውስጥ መክተት አትፍሩ።)

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ገንዳ በጀመርኩበት ዓመት፣ ከአንድ ነጋዴ የገዛኋቸው ሞሊ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ነጠብጣብ አወጡ። መድኃኒት አገኘሁ፤ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ነጥብ የሚባል የለም! ዓሦቹ ጠርተዋል። ደስ ብሎኝ ውኃውን ግማሽ በግማሽ ቀየርኩ፤ መድኃኒቱን አቆምኩ፤ ለባለቤቴም እንደ ሐኪም ተኩራርቼ ነገርኳት። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ነጭ ነጠላ የለበሱ መሰሉ። በአሥረኛው ቀን ከ14 ዓሣ የቀረኝ አንድ ነው።

ምን ሆነ? ነጥቦቹ የጠፉት መድኃኒቱ ገድሏቸው አልነበረም። ጠግበው ሊወልዱ ወርደው ነው። እኔ ድል ያልኩት ቀን እነርሱ ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚባዙበት ቀን ነበር። ሒሳቡን ተመልከቱ፤ 20 ነጥብ ነበረ እንበል፤ እያንዳንዱ 500 ቢወልድ 10,000 ዋናተኛ ይሆናል። ለእነርሱ የሚሆነውን መድኃኒት በገዛ እጄ በባልዲ ቀድቼ ደፍቼዋለሁ። ነጥቡ የታየበት ጊዜ የተሕዋሱ ምሽግ ነው፤ ነጥቡ የጠፋበት ጊዜ ደግሞ ከምሽጉ የወጣበት ነው። የምትመቱት ያኔ ነው። ሰዎች ሁሉ የሚያቆሙትም፣ እንደ እኔ፣ ልክ ያኔ ነው።

ስለዚህ ቀን የሚቆጠረው በእኛ ትዕግሥት ሳይሆን በተሕዋሱ ሰዓት ነው፤ የእርሱ ሰዓት ደግሞ የውኃው ሙቀት ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ሦስቱን ዕድሜ ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጨርሳል። በ15 ዲግሪ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በ10 ዲግሪ ከወር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ነው ገንዳውን የምናሞቀው፤ ሙቀቱ ከምሽጉ ቶሎ እንዲወጣ ያስገድደዋል። ውኃው ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ መራባቱ ራሱ ይሰናከልበታል። ሙቀት ወዳድ ለሆኑ ዓሦች 30 ዲግሪን 10 ቀን ያህል ማቆየት በራሱ የታወቀ ሕክምና ነው፤ ምንም እንኳ ሙቀት ብቻውን የማይበግራቸው ተሕዋስያን አልፎ አልፎ ያጋጠሙ ቢሆንም። ጎልድፊሽ ግን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነውና በ30 ዲግሪ አትቀቅሉት፤ ለእርሱ ጨውና ትዕግሥት ይሻለዋል። ሙቀቱንም በአንድ ጊዜ አትስቀሉ፤ በቀን ሁለት ዲግሪ ያህል እየጨመራችሁ ውጡ።

እዚህ ላይ መጻሕፍቱ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። አብዛኛው የዓሣ ሕክምና መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሞቀ ውኃ ደግሞ በተፈጥሮው ብዙ ኦክስጅን መያዝ አይችልም። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7.6 ይወርዳል። እዚህ ባሕር ዳር በ30 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ ወደ 6 ነው። ስንጥቡ በጥገኛ የተወረረ፣ እንኳን በ6 በ9ም የሚጨነቅ ዓሣ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ማሞቂያውን ከፍ የምታደርግ እጅ አስቀድማ የአየር ፓምፑን ትክፈት። ሁለት ካላችሁ ሁለቱንም ክፈቱ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ አርቢ ባሕር ዳር ውስጥ የለም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ማሞቂያው ቢቆም ውኃው እስኪነጋ ብዙ ይወርዳል። ዓሣው ይደነግጣል፤ አቅሙም ይዳከማል። የተሕዋሱም ሰዓት ይዘገያል፤ በስድስተኛው ቀን ይወጣል ያላችሁት በዘጠነኛው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መብራት የጠፋባቸውን ሌሊቶች ጻፉና ቀኑን አስረዝሙ። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፤ ከጎንና ከኋላ፣ ከላይ ግን ክፍት ይሁን። ጋቢ ውኃ አያሞቅም፤ ያለውን ሙቀት ግን ያቆያል። ለአየሩ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ቢኖር ጥሩ ነው። ከሌለ በጣሳ ውኃ እየቀዳችሁ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየሩብ ሰዓቱ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በጣሳ ሳፈስስ ባለቤቴ ተነስታ አይታኝ ታውቃለች። ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ብዙ ይል ነበር።

ጨው። ርካሽ ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅ አለ፤ በትክክል ከተሠራበትም ይሠራል። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። መጀመሪያ የገንዳችሁን ሊትር እወቁ። ርዝመት፣ ስፋትና የውኃውን ከፍታ በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙ፤ ለ1,000 አካፍሉ። 80 በ35 በ40 የሆነ 112 ሊትር ይሆናል፤ ጠጠሩና ድንጋዩ የሚይዘውን ስትቀንሱ 100 በሉት። ስለዚህ 200 ግራም ጨው። በማንኪያ አትገምቱ፤ ባለ ሱቁ ሚዛን አለው። በሌላ ዕቃ በገንዳው ውኃ አሟሙት፤ ለሦስት ከፍላችሁ በአንድ ቀን ውስጥ ጨምሩ።

አዮዲን ያለበት ጨው ዓሣ ይገድላል የሚል ወሬ አለ። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም፤ አትጨነቁ። መጨነቅ ያለባችሁ በሌላ ነው። ጨው አይተንም። ውኃው ተንኖ ሲጎድል በጨው የለሽ ውኃ ሙሉ፤ ቀድታችሁ ስትደፉ ግን የደፋችሁትን ያህል መልሱ። 20 ሊትር ከደፋችሁ 40 ግራም ብቻ። ይህን ያልተረዳ ሰው በየቀኑ 200 ግራም እየጨመረ ገንዳውን አፍዴራ ሲያደርገው አይቻለሁ። የውኃ ተክሎቻችሁ ደግሞ ጨው አይወዱም። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦች፣ የአምባዛ ዘመዶች፣ ሊትሩን በ1 ግራም ጀምሩላቸውና እያያችሁ ሂዱ።

ከጨውና ከሙቀት ጋር በየቀኑ መሥራት ያለባችሁ አሰልቺ ሥራ አለ፤ በቀጭን ቱቦ የጠጠሩን ሥር መሳብ። ከረጢቶቹ ያሉት እዚያ ነው። መድኃኒት የማይገድለውን ከረጢት ቱቦ ይወስደዋል። የሩብ ያህል ውኃ ይውጣ፤ የሚተካው የቧንቧ ውኃ አንድ ሌሊት በባልዲ ክፍት ሆኖ ያደረ ይሁን፤ ክሎሪኑ እንዲለቅ። ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይመጣጠን።

ስለ ሱቅ መድኃኒቶች ብዙ አልናገርም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ማላካይት ግሪን ይሠራል፤ ነገር ግን ለሰው ምግብ በሚሆን ዓሣ ላይ እንዳይውል በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ስለሚፈራ። በጓንት ያዙት፤ ጎረቤቴ የሚጠብሱት ዓሣ አጠገብም አይድረስ። ፎርማሊን የውኃውን ኦክስጅን ይበላል፤ ስለ ኦክስጅናችን ያልኳችሁን አስታውሱ። ነጭ ዝቃጭ የያዘ የቆየ ፎርማሊን ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። መዳብ ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይፈጃል። የትኛውንም ስትጨምሩ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ከሰል አውጡ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱን ከሰሉ ይጠጣዋል።

ይልቅ በአገር መድኃኒት ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለዚህ ነውና። «ፌጦ ብንጨምርስ?» ተብያለሁ። «ኮሶስ?» ያለኝም አለ፤ ምናልባት ዓሣው የሻረ ቀን ዶሮ ሊያርድለት ይሆናል። እነዚህስ ያስቃሉ። የማያስቀው እንዶድ ነው። አንድ የማከብራቸው ሰው «እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ የዓሣውንም ቅማል ይገድላል» ብለው የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው ገንዳቸው ውስጥ ጨመሩ። የመጀመሪያው ነገር እውነት ነው፤ አገራችን የምትኮራበትም ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ያን ምርምር የጀመሩት። ነገር ግን ያው አረፋ የሚሠራው ንጥረ ነገር የዓሣ ስንጥብም ይፈጃል። የሰውዬው ገንዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆነ። ቅማሉ እንኳ ስለ መሞቱ ማን ይመሰክራል?

ብርብራም እንዲሁ ነው። የጣናን ገባር ወንዞች የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ሮተኖን የሚባል መርዝ የዓሣውን ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ዓሣ ለመግደል ሲያገለግል የኖረን ተክል ዓሣ ለማዳን መሞከር የማይሆን ነገር ነው። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለዋል፤ ማከሙም ያው ነው።

ከየት መጣ? ይህ ተሕዋስ በአየር አይመጣም፤ በደረቅ ጠጠርም አይመጣም፤ ድርቀት ይገድለዋል። «በእያንዳንዱ ገንዳ ውስጥ ሁልጊዜ ተኝቶ ይኖራል» የሚሉም አሉ፤ ተሳስተዋል። ያለ ዓሣ መኖር አይችልም፤ ለዓመታት የሚተኛ ዘርም የለውም። የሚመጣው በአዲስ ዓሣ፣ በእርጥብ መረብ፣ ከሌላ ገንዳ በተቀዳ ውኃና በእርጥብ ተክል ነው። እኔ አሁን አዲስ ዓሣ ስገዛ ሦስት ሳምንት ለብቻው በሳፋ አስቀምጠዋለሁ። ሳፋው ለልብስ የሚያገለግለው ሳይሆን ሌላ ነው፤ ሳሙና የነካው ዕቃ ለዓሣ አይሆንም። መረቡንም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ዓሣ የሞተበት ገንዳ ካላችሁ ደግሞ ውኃውን ከ25 ዲግሪ በላይ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ያለ ዓሣ ተዉት፤ ዋናተኛው ማደሪያ አጥቶ ያልቃል።

አንድ ነገር ስለ ሐይቁ። አንዳንድ ልጆች ከጣና ዳር ትንንሽ ዓሣ በላስቲክ አምጥተው ገንዳ ይጨምራሉ፤ ሲያድግባቸው መልሰው ይለቅቁታል። ሌላው የታመመ ገንዳ ውኃ ተሸክሞ ሄዶ ሐይቁ ዳር ይደፋል። ሁለቱም አይሁን። ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ወደ 15 የሚሆኑ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ በገበያ ነጭ ዓሣ የምንላቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቷቸው፣ በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ለየራሳቸው መልክ ይዘው የቀሩ ናቸው። ከሩቅ አገር በአውሮፕላን የመጣ ዓሣ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። እምቦጭ አንዴ ከገባ በኋላ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ አይተናል። የታመመ ገንዳ ውኃ አትክልት ይጠጣ፤ ጨው ከሌለበት። ጨው ካለበት ወደ ፍሳሽ ይሂድ።

ከአድማጮች ብዙ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

ሆቴል ውስጥ ገንዳ የምትጠብቅ አንዲት እናት «እንግዶች ነጥብ ያለበት ዓሣ ሲያዩ ይቀፋቸዋል፤ አለቃዬም ቶሎ አጥፊልኝ ይለኛል። መጠኑን እጥፍ ባደርገው ቶሎ ይጠፋል?» አለችኝ። አይጠፋም፣ እመቤቴ። እጥፍ ስታደርጊው ዓሣው ይሞታል እንጂ በላተኛው ቆዳ ሥር ነው። ይልቅ ለአለቃሽ ገንዳው ላይ ጨርቅ ጣይበት በይው፤ ለዓሦቹም ጨለማው እረፍት ነው። ነጥቡ ከጠፋም በኋላ በ25 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥይ፤ አለቃሽ ያኔ «ድኗል፤ ለምን ጨው ታባክኛለሽ?» ይልሻል። የሚከብድሽ እርሱ ነው።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ «ጋሼ፣ ከ14ቱ የተረፈው አንዱ ለምን ተረፈ?» አለኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዓሣም እንደ ሰው ከበሽታ ይማራል። ታሞ የተረፈ ዓሣ ቆዳው ላይ ባለው ዝልግልግ ውስጥ ይህን ተሕዋስ የሚያውቅ መከላከያ ያበጃል፤ ዋናተኛው ሊገባ ሲሞክር ይገታዋል። ይህ አቅም ለወራት ይቆያል። ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለው ዓሣ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ጥቂት ተሕዋስ ስንጥቡ ውስጥ ይዞ ሊኖር ይችላል። አዲስ ዓሣ አጠገቡ ስታደርግ እርሱ ደኅና ሆኖ አዲሱ ይታመማል። ያቺ የእኔ ሞሊ በኋላ ለሁለተኛው ገንዳዬ ችግር የሆነችው በዚህ መንገድ ነው፤ ሳፋውን የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በቃ፣ ወንበራችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። ማይክሮስኮፑ ላይ ያለው ዛሬ ጠዋት ከታመመ ዓሣ ክንፍ የተነሣ ልጋግ ነው። ቀስ እያለ የሚሽከረከር ክብ ነገር ታያላችሁ፤ ሆዱ ውስጥ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቅርጽ ካለው እርሱ ነው። ማይክሮስኮፑ አሮጌ ስለሆነ በመስታወት የቀን ብርሃን እየተቀበለ ነው የሚሠራው፤ መብራት ቢጠፋም ተራችሁን ጠብቁ።